የሳር ሥር የሚበላውን የጥንዚዛ ትል ማጥፊያ መመሪያ፦ ወሩን አይቶ መድኃኒት መምረጥ

ኦገስት ሊገባደድ ሲል ስልኬ በሳር ፎቶ ይሞላል። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ሳሬ በየቦታው ቡናማ እየሆነ ነው። ውሃ ባጠጣውም አልመለስ አለ። የትል መድኃኒት ገዝቼ በትኜበት ነበር፤ ምንም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ «አልሠራም» የሚባለው በዚያ ወር የማይሠራ ዓይነት ስለተገዛ ነው። ከረጢቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም ላይ የትሉ ስዕል አለ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ የትሉን ስም «ግረብ» ይላሉ። ውስጣቸው ያለው ግን የተለያየ ነው። አንዱ ትሉ ከመፈልፈሉ በፊት የሚጣል ነው፤ ሌላው ትሉ እየበላ ሳለ የሚጣል ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

መመሪያው ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለሰሜን ቨርጂኒያ የተጻፈ ነው። እዚህ ብዙው የግቢ ሳር ቶል ፌስኪው የሚባለው ነው። አትላንታ፣ ዳላስ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ አሠራሩን ውሰዱ፤ ወራቱን ግን ከአካባቢያችሁ የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ አጣሩ፤ ጥንዚዛው የሚወጣበት ጊዜ እንደ ሙቀቱ ይቀያየራል።

የትሉ ዓመት

ሣሩን ገልብጣችሁ የምታገኙት ትል ነጭና ወፍራም ነው፤ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፤ ከደረቱ ሥር ሦስት ጥንድ እግር አለው። መዳፋችሁ ላይ ብታስቀምጡት ኩርምት ብሎ ይተኛል። የኋላው ጫፍ ጠቆር ይላል፤ የበላው አፈር በቆዳው ውስጥ እየታየ ነው። በዚህ አካባቢ ጥፋት የሚያደርሱት በዋናነት የጃፓን ጥንዚዛና ማስክድ ቼፈር የሚባለው ቡናማ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ቀን ጽጌረዳ ላይ የምታዩት፣ አረንጓዴ ሆኖ ክንፉ መዳብ የሚመስለው ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ የበረንዳ መብራት የሚዞረው ነው። ሁለቱም ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ጥንዚዛዎቹ ከጁን አጋማሽ በኋላ ይወጣሉ፤ ጁላይ ውስጥ እንቁላላቸውን እርጥብ አፈር ውስጥ ይጥላሉ። እንቁላሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ትሉ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ሥር ሲበላ ይከርማል፤ ብርዱ ሲጠና ወደ ታች ይወርዳል። ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ተመልሶ ወደ ላይ ይመጣና ጥቂት ይበላል፤ ከዚያ መብላቱን ትቶ ወደ ጥንዚዛነት መለወጥ ይጀምራል።

በእኛ በዓላት ብትይዙት አይጠፋችሁም። የመከላከያው መድኃኒት ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ነው፤ ሣሩን ገልብጦ መፈተሽ ከቡሄ በኋላ ነው፤ ትል ከተገኘ መግደያው እስከ እንቁጣጣሽ፣ ቢዘገይ እስከ መስቀል መጣል አለበት።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቤታችሁ የት ነው?

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበትን ቦታ ነው የሚመለከተው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን ወይም ጀርመንታውን ያላችሁ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ናችሁ። ካውንቲው በ2015 ባወጣው ሕግ መሠረት በግል ግቢ ሳር ላይ የሚፈቀዱት በካውንቲው ዝርዝር ውስጥ ያሉ መድኃኒቶች ብቻ ናቸው። ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ኬሚካሎች አብዛኞቹ መደብር ውስጥ ተደርድረው ታዩአቸዋላችሁ፤ መሸጣቸው ግን በእናንተ ሳር ላይ ተፈቅደዋል ማለት አይደለም። 311 (የካውንቲው የመረጃ ስልክ) ደውላችሁ ጠይቁ። ታኮማ ፓርክም በ2013 ያወጣው የራሱ ሕግ አለው። ለእናንተ የሚሆነውን «ኬሚካል በማይፈቀድበት ቦታ» በሚለው ክፍል ጽፌዋለሁ።

በመላው ሜሪላንድ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው የነፍሳት ማጥፊያና መሰሎቹ፣ ኒዮኒክ የሚባሉት፣ ለንብ ሲባል ፈቃድ ለሌለው ሰው ከቤት ውጭ ለሚውል አገልግሎት አይሸጡም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ገዝታችሁ ብትመጡም ሜሪላንድ ውስጥ መበተን ክልክል ነው። ዲሲም የራሱ ደንብ አለው፤ ጠይቁ።

ታውንሃውስ ያላችሁ ኤች ኦ ኤውን (የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ሳትጠይቁ ምንም አትጣሉ። የእነሱ ሠራተኛ ቀድሞ ጥሎ ከሆነ እናንተ ስትደግሙት መጠኑ በሌብሉ (ከረጢቱ ላይ ባለው የአጠቃቀም ጽሑፍ) ከተፈቀደው ያልፋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠፍጣፋ አካፋ ወይም ረጅም የድሮ ቢላ
- 12 ኢንች ማስመሪያና ነጭ ካርቶን ወይም ትሪ
- ለመለካት የሚሆን ሜትር
- የሚገፋ ስፕሬደር (መበተኛ)
- ሚዛን፤ የወጥ ቤቱን ሳይሆን ለዚህ ብቻ የምታውሉት
- ኬሚካል የማያስገባ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ
- የውሃ ጎማና ስፕሪንክለር
- አምስት ስድስት ባዶ የቱና ጣሳ
- መጥረጊያ
- ለወሩ የሚሆነው መድኃኒት (ደረጃ 4 ላይ)

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የትል መሆኑን አረጋግጡ

ቡናማውን ሳር በእጃችሁ ጨብጣችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ትል ሥሩን ከቆረጠው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል። በድርቀት የጠወለገ ሳር ግን ሥሩ ስላለ አይነሳም። ስትረግጡት ስፖንጅ ስፖንጅ ማለቱም ምልክት ነው። ሌሊት ራኩን ወይም ስካንክ ሣሩን እየገለባበጠ ካደረ፣ ቀን ደግሞ ቁራ እየጫረ ከዋለ፣ እነሱ ትሉን ከእናንተ ቀድመው አግኝተውታል።

ሌሎቹን ለዩ። የውሻ ሽንት ያቃጠለው ትንሽ ክብ ሆኖ ዙሪያው ከሌላው ይበልጥ አረንጓዴ ይሆናል። በጁላይ ሙቀትና ወበቅ የሚመጣው የፈንገስ በሽታ ቅጠሉ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ሥሩን አይነካም። ፈንገስ ላይ የትል መድኃኒት ብትደፉበት ገንዘባችሁን አፈር ውስጥ ቀበራችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጠሩ

ጥቂት ትል በማንኛውም ጤነኛ ግቢ ውስጥ አለ። መድኃኒት የሚያስጥለው ቁጥሩ ነው።

ጊዜው ከኦገስት ሦስተኛ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጫማ በአንድ ጫማ ካሬ ለኩና ሦስቱን ጎን ቁረጡ፤ አራተኛውን እንደ መጽሐፍ ሽፋን ተዉት። ሣሩን ከነሥሩ ወደ ኋላ ገልብጡና ከሥር ያለውን ሁለት ሦስት ኢንች አፈር ካርቶኑ ላይ እየፈረፈራችሁ ትሉን ልቀሙ። ሥር መሃል የተሸጎጠ ስለሚኖር ገልብጣችሁ የያዛችሁትንም አራግፉት። ስትጨርሱ ሣሩን መልሳችሁ ክደኑት፣ ረገጥ ረገጥ አድርጉት፣ ውሃ አጠጡት፤ ያገግማል።

የምትቆርጡት ቡናማውና አረንጓዴው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይሁን። መሃሉ ላይ ሥሩ አልቋል፤ ትሉ ምግብ ፍለጋ ወደ ሕያው ሳር ተሻግሯል። ብዙ ሰው የሞተውን መሃል ቆፍሮ «ትል የለም» ብሎ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። አንድ ቦታም አይበቃም፤ በየአቅጣጫው ሞክሩ፣ አማካዩን ያዙ።

በስኩዌር ፊት 8 ወይም 10 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከ5 በታች ከሆነ ተዉት። መሃል ላይ ከሆነ ሣሩን እዩት፦ ውሃ የሚያገኝ ጠንካራ ቶል ፌስኪው ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ይችለዋል፤ የደከመ ወይም አዲስ የተዘራ ሳር አይችልም። ትሉ ትንሽ ቢሆንም እንስሳት ግቢውን እያረሱት ከሆነ ግን መጣሉ ሊያዋጣ ይችላል፤ ከትሉ ይልቅ የእነሱ ጥፋት ይብሳልና።

ደረጃ 3፦ ሣሩን ለኩ

ከረጢቱ ላይ «5,000 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል» ሲል ስለ ሳር እንጂ ስለ ቦታው ጠቅላላ ስፋት አይደለም። የቤት ውላችሁ ላይ ያለውን የሎት ስፋት ወስዳችሁ ቤቱን፣ ድራይቭዌዩን፣ ዴኩንና የአበባ መደቡን ካልቀነሳችሁ እጥፍ ትበትናላችሁ። ግቢውን በአራት ማዕዘኖች ከፋፍላችሁ ርዝመት በወርድ አባዙና ደምሩ።

ከዚያ መጠኑን አውጡ። ለምሳሌ 15 ፓውንድ የሚመዝን ከረጢት 5,000 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል ካለ፣ ለ1,000 ስኩዌር ፊት 3 ፓውንድ ነው። ሣራችሁ 2,400 ስኩዌር ፊት ከሆነ 7.2 ፓውንድ ትመዝናላችሁ። ከዚህ በላይ መበተን ትሉን ይበልጥ አይገድለውም፤ ሕግ መጣስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሌብሉ ላይ የተጻፈው መጠን ምክር አይደለም፤ በፌዴራል ሕግ አስገዳጅ ነው።

ደረጃ 4፦ ወሩን አይታችሁ መድኃኒት ምረጡ

ከረጢቱን ከፊት አታንብቡት። «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ሥራውን የሚሠራው እዚያ በስሙ የተጻፈው ነው።

*ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ፦ ክሎራንትራኒሊፕሮል።* ግረብኤክስ በሚባለው ውስጥ ያለው ይህ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቀስ ብሎ ስለሆነ ወደ ሥሩ ለመድረስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ትሉ ሳይኖር ቀድሞ የሚጣለው። አፈር ውስጥ ግን ብዙ ወር ይቆያል፤ ኦገስት ላይ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል ሲቀምሰው ጡንቻው ይያዝና መብላት ያቆማል። ለንብ ያለው አደጋ ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ፍቀዱልኝና ልወስን፦ በቦታችሁ ከተፈቀደና አምና በቁጥር የተረጋገጠ ትል ከነበረባችሁ፣ ሌላ ሳትፈልጉ ይህንን ያዙ።

*ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ፦ ኢሚዳክሎፕሪድ።* ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች ብቻ፤ የሜሪላንዱን ክልከላ ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ፈጥኖ ይሟሟል፤ እንቁላሉ በሚፈለፈልበት ሰሞን ሥሩ አጠገብ ይገኛል። ችግሩ ተክሉ በሥሩ መጥጦ ወደ አበባው ማድረሱ ነው። ሳር ውስጥ ማገጥ፣ እዚህ ክሎቨር የሚሉት፣ አብቦ ከሆነ ንቧ ከዚያ ትቀስማለች። ስለዚህ አበባውን አጭዳችሁ ካልሆነ አትጣሉት።

*ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፦ ትራይክሎርፎን።* ዳይሎክስ በሚለው ስም የሚታወቀው ነው። በጥቂት ቀናት ይገድላል፤ በሳምንት በአሥር ቀን ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ትሉ ካለ ብቻ ነው የሚጣለው፤ ለመከላከያ አይሆንም። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ይበልጥ ይሠራል። አፈሩ አልካላይን ከሆነ ፈጥኖ ስለሚፈራርስ በቅርቡ ኖራ የጣላችሁበት ሳር ላይ አትመኩበት። ከሁሉም ይልቅ ለሰው አደገኛው ይህ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ ከረጢቱን አትክፈቱ።

*ካርባሪል* የሚባለውም በዚሁ ወቅት ይሠራል፤ ግን ለንብ መርዝ ነው፣ አፈር የሚያለሳልሰውን የምድር ትልም ይገድላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ድሮ «ሴቪን» ሲባል ካርባሪል ማለት ነበር። አሁን መደብር ውስጥ በዚያው ስም የሚሸጠው ብዙው ምርት ዜታ-ሳይፐርሜትሪን ነው። እሱም ሆነ ባይፈንትሪን ሳሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ እንጂ ትሉ ወዳለበት አይወርዱም። ጉንዳን ለማባረር ይሁኑላችሁ።

*ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላና በማርች፦ ምንም።* ትሉ አድጓል፤ ወይ ወደ ታች ወርዷል ወይም መብላት ሊያቆም ነው። በፀደይ አፈር ስትቆፍሩ ወፍራም ትል አይታችሁ ብትደነግጡም የሚገድል መድኃኒት አትግዙ፤ ያን ጊዜ የሚያደርሰው ጥፋት ትንሽ ነው፣ መድኃኒቱንም ይቋቋመዋል።

ደረጃ 5፦ ሣሩን አዘጋጁ

አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ እጨዱ፤ የማገጥና የዳንደላየን አበባ አብሮ ይሄዳል። ጥፋቱ የደረሰበት ወቅት ደረቅ ከሆነ ትሉ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ስለሚሸሽ፣ ገዳዩን ከመጣላችሁ በፊት በነበረው ቀን አጠጡና ወደ ላይ አምጡት።

በቅጠሉና በአፈሩ መካከል የሚጠራቀመውን የደረቀ የሞተ ንጣፍ እዩ። ከግማሽ ኢንች ከበለጠ መድኃኒቱን እዚያው ይዞ ያስቀረዋል፤ መጀመሪያ በመንጠቂያ ሬክ አውጡት።

የምትበትኑበት ሰዓት ቅጠሉ ደረቅ ይሁን። ጠል ካለ ጠጠር የሚመስለው መድኃኒት ቅጠል ላይ ይጣበቃል። ንፋስ ያለበትን ቀን፣ ኃይለኛ ዝናብ የተተነበየበትንም ቀን እለፉት።

ደረጃ 6፦ በትኑ

ስፕሬደሩን ሲሚንቶ ላይ አቁማችሁ ሙሉ፤ ቢፈስ ጠርጋችሁ ትመልሱታላችሁ። ሳር ላይ ከፈሰሰ ግን አንድ ቦታ ተከምሮ ይቀራል።

የመዘናችሁትን ለሁለት ክፈሉ። በምሳሌአችን 3.6 ፓውንዱን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተመላለሳችሁ፣ የቀረውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እያቋረጣችሁ በትኑ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዳችሁ ያመለጣችሁ ሰንተረር ሴፕቴምበር ላይ ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። ከረጢቱ ላይ ያለው የስፕሬደር ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ለእናንተ አረማመድ የተለካ አይደለም፤ ከቁጥሩ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከተረፈ ደግማችሁ ሂዱበት። አካሄዳችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ስትዞሩና ስትቆሙ መዝጊያውን ዝጉ።

ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም ከሳሩ ዳር ተክላችሁ ከሆነ ከመደቡ ራቅ ብላችሁ አልፉ። ለሳር የተሠራ መድኃኒት ለሚበላ ተክል አልተፈቀደም፤ የሚወረወረው ጠጠር ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይርቃል።

ደረጃ 7፦ ወዲያው ውሃ አጠጡ

ትሉ ያለው አፈር ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ላይ ነው። የሚያገናኛቸው ውሃ ነው። ውሃውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ደረጃ 8 ላይ እንዳለው መንገድ ላይ የወደቀውን ጠጠር ጥረጉ። ብዙ ሰው ትክክለኛ መድኃኒት በትክክለኛ ጊዜ ጥሎ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው የጠጠር መድኃኒት ግማሽ ኢንች ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ የእናንተ ሌብል ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። መለኪያው የቱና ጣሳ ነው። ጣሳዎቹን በየቦታው አስቀምጡ፣ ስፕሪንክለሩን ክፈቱ፣ ውሃው ግማሽ ኢንች እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። ይህን ሙከራ መድኃኒቱን ከመበተናችሁ በፊት አድርጉት። ለ1,000 ስኩዌር ፊት 310 ጋሎን ገደማ ነው፤ በእጅ ይዛችሁ ጎማ ብታርከፈክፉ እንደማይደርስ ከዚህ ይገባችኋል።

ውሃው መንገድ ላይ መፍሰስ ከጀመረ ዝጉ፣ አፈሩ እስኪመጠው ጠብቁ፣ ቀጥሉ። ለትራይክሎርፎን ነገ ይዘንባል ብላችሁ አታሳድሩት።

ደረጃ 8፦ ጥረጉ፣ ታጠቡ

ድራይቭዌይና የእግረኛ መንገድ ላይ የወደቀውን ጠጠር ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ሣሩ ጥረጉት። በውሃ አትግፉት፤ በአካባቢያችን የመንገድ ዳር ቦይ የገባ ነገር በወንዙ አድርጎ ቼሳፒክ ቤይ ነው የሚወርደው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ሸርጣንና ሌላ የውሃ ፍጥረት ይጎዳሉ። ጓንታችሁን ሳታወልቁ እጠቡት፤ ከዚያ እጃችሁን። ልብሱን ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። የተረፈው በራሱ ከረጢት፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ወደ እህል ዕቃ ወይም ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ አታዘዋውሩት።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ገልብጣችሁ እዩ

ትራይክሎርፎን ከጣላችሁ ከአምስት ቀን በኋላ በደረጃ 2 መንገድ ቁረጡና ቁጠሩ። የሞተው ትል ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል። ሣሩ ራሱ ስላልለመለመ አልሠራም አትበሉ፤ የተበላ ሥር በሳምንት አይመለስም። ክሎራንትራኒሊፕሮል የጣላችሁ ደግሞ ፍተሻችሁ ሴፕቴምበር ላይ ነው።

ኬሚካል በማይፈቀድበት ቦታ

የሞንትጎመሪና የታኮማ ፓርክ ሰዎች፣ ከሁሉ የተሻለው አማራጫችሁ ትሉን ፈልገው የሚገቡበት፣ ኔማቶዶች የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ትሎች ናቸው። ስማቸው ሄትሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚለውን ፈልጉ። ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ የሚባሉት ላይ ላዩን ስለሚቆዩ ለዚህ ትል ደካማ ናቸው፤ ሻጩ ግን ሁለቱንም «ለሳር» ብሎ ያቀርባል።

ሕይወት ያላቸው ስለሆኑ እንደ ኬሚካል ጋራዥ ውስጥ አይቀመጡም። ሲደርሱ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፣ በቀናቸው ተጠቀሙ። የሚጣሉት ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ አፈሩ ሞቅ ብሎ ትሉም ትንሽ ሳለ። ፀሐይ በደቂቃዎች ስለምትገድላቸው ማምሻውን ብቻ ርጩ። መጀመሪያ አፈሩን አርሱ፣ የመርጫውን ወንፊት አውጡ፣ ከረጫችሁ በኋላ እንደገና አጠጡ፤ ቀጥሎ ባለው ሁለት ሳምንት አፈሩ አይድረቅ።

ሚልኪ ስፖር የሚባለው ዱቄት የሚይዘው የጃፓኑን ጥንዚዛ ትል ብቻ ነው፤ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም። የሌላው ጥንዚዛ ትል ከሆነ ያላችሁ ገንዘቡን ለሳር ዘር አውሉት።

ማስጠንቀቂያ

- ልጆችና የቤት እንስሳት ሣሩ ውሃውን ጠጥቶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይርገጡት።
- መድኃኒት ከተጣለበት ግቢ ለቡና ጉዝጓዝ ሳር አትጨዱ። መግደያው የሚጣልበት ሰሞን ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥማል፤ ያ ሳር ሳሎን ተጎዝጉዞ ሕፃን ይድህበታል። ለበዓሉ ቄጤማ ከሐበሻ መደብር ግዙ።
- የታጨደውንም ሳር ለጎመን መደብ አታልብሱት።
- ትራይክሎርፎንና ካርባሪል ነርቭ የሚነኩ ናቸው። ከነካችሁ ወይም ከተነፈሳችሁ በኋላ ምራቅና እንባ መብዛት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ከመጣ ፖይዝን ኮንትሮል 1-800-222-1222 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሰውዬው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911። ከረጢቱን ከአጠገባችሁ አትጣሉት፤ የመድኃኒቱን ስም ይጠይቋችኋል።
- የሰው ሳር ላይ በክፍያ የምትጥሉ ከሆነ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ሳር ማጨድ ያለፈቃድ ይቻላል፤ መድኃኒት መጣል ግን አይቻልም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

*የጥንዚዛ ወጥመድ ግቢ ውስጥ መስቀል።* ሽታው ከያዘው በላይ ከጎረቤት ይጠራል። ወጥመዱ ሞልቶ ስታዩ የሠራ ይመስላል፤ ጽጌረዳችሁ ግን ከበፊቱ የባሰ ይበላል።

*አበባ ላይ ያለውን ጥንዚዛ ገድሎ ትል ቀነስኩ ማለት።* ጥንዚዛ ከሩቅ እየበረረ ይመጣል። የእናንተን ጽጌረዳ የሚበላው እንቁላሉን የጎረቤት ሳር ላይ ሊጥል ይችላል፤ የእናንተን ሳር የሚበላውም እናቱ ከሌላ ሰፈር የመጣች ናት።

*ጁላይ ላይ በየቀኑ ማጠጣት።* ሴቷ ጥንዚዛ እርጥብ አፈር ትመርጣለች፤ እንቁላሏም ያለ እርጥበት ይደርቃል። ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ የእናንተ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የጋበዛችኋት እናንተ ናችሁ። ቶል ፌስኪው በበጋ ለጥቂት ሳምንት ቢገረጣ አይሞትም።

*በየዓመቱ በልማድ መጣል።* ሴፕቴምበር ላይ ቁጠሩ፤ ከ5 በታች ከሆነ የሚቀጥለውን ፀደይ ዝለሉ።

ደረጃ 10፦ ባዶውን ቦታ መልሳችሁ ዝሩ

ለቶል ፌስኪው የመዝሪያው ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ ትሉ ከሞተ በኋላ በቂ ቀን አለ። የሞተውን ሳር ጥረጉ፣ አፈሩን በሬክ ጫር ጫር አድርጉ፣ ለባዶ ቦታ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ዘር በትኑ፣ ዘሩ አፈር እንዲነካ ረገጥ አድርጉና እስኪበቅል ድረስ ላዩ አይድረቅ፤ በቀን ሁለቴ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ይበቃል።

ከመዝራታችሁ በፊት በፀደይ የጣላችሁትን ከረጢት መልሳችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ምርት የትል መድኃኒትንና ክራብግራስ የሚባለውን አረም መከላከያ ቀላቅሎ ይይዛል፤ ያ መከላከያ የሳር ዘራችሁንም እንዳይበቅል ያደርገዋል። ሌብሉ «ከዚህን ያህል ወር በፊት ዘር አትዝሩ» የሚል ከሆነ ቀኑን ቆጥራችሁ ነው ዘሩን የምትገዙት።